ጡጦ፣ ውሃና የሥራ ሰዓት
በአዳማ ለሕዝብ የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ጡጦ ነው። ከማበጠሪያና ከፕላስቲክ ማንኪያ ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ፣ አራስ ልትጠይቅ የምትሄድ ጎረቤት ከሳሙናና ከሕፃን ልብስ ጋር ጠቅልላ ይዛው የምትገባ ዕቃ ነው። ስለ እሱ ይህን ያህል ሰዓት የሚወራ ምን አለ የሚል ሰው በአዳራሹ ቢኖር አልፈርድበትም።

ስለ ሕፃን ወተት ሕዝብ ሰብስቦ መናገር ግን በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1939 ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ ጃማይካዊት ሐኪም በሲንጋፖር ለሮተሪ ክለብ አባላት «ወተትና ግድያ» የሚል ርእስ ያለው ንግግር አደረጉ። እኚህ ሴት ቀደም ሲል በዛሬዋ ጋና ሲሠሩ ኳሽዮርኮር የሚባለውን የምግብ እጥረት በሽታ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁ ናቸው። ሲንጋፖር ሲደርሱ ያዩት ጣፋጭ የታሸገ ወተት ለሕፃናት ተስማሚ ነው እየተባለ ለድሆች እናቶች ሲቸበቸብና ሕፃናቱ ሲረግፉ ነው። ይህን መሰሉ አሳሳች ቅስቀሳ ያስከተለውን ሞት ግድያ ብለው ጠሩት። ዓለም እስኪሰማቸው ብዙ ዓመት ወሰደ፤ የእናት ጡት ወተት ምትክ ምርቶች የሚሸጡበትን መንገድ የሚገድበው ዓለም አቀፍ ደንብ በዓለም ጤና ጉባኤ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ነው። 118 አገሮች ደገፉት፣ 3 ድምፅ አልሰጡም፣ አንዲት አገር ብቻ ተቃወመች፤ እሷም አሜሪካ ነበረች።

እኔ ዛሬ ማንንም ገዳይ ልል አልመጣሁም። እናትንማ ከቶ አልልም። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ የተለጠፈውን ሥዕል አይታችሁት ይሆናል፤ እናት ልጇን ታቅፋ ታጠባለች፣ ከሥሩ ትእዛዝ ተጽፏል። በሥዕሉ ላይ አሠሪ የለም፣ ቧንቧ የለም፣ ባልም አብዛኛውን ጊዜ የለም። በእኛ ከተሞች፣ ከመተሐራና ከወለንጪቲ እስከ መቂ፣ ዝዋይና ሻሸመኔ፣ ሕፃኑን ከጡት የሚነጥለው በአመዛኙ የእናቱ የሥራ ሰዓት ነው፤ ከተነጠለ በኋላ የሚያሳምመው ደግሞ ውሃው ነው። ዛሬ የማስረዳው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ጡጦው እንዴት እንደሚያሳምም እንይ። የዱቄት ወተት ከጣሳው ሲወጣ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ የሚበጠበጠው ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቅ ውሃ ነው ይላል። በቤታችን የሚደረገው ሌላ ነው፤ ጠዋት የፈላው ውሃ ቴርሞስ ውስጥ ውሎ፣ ወይም ከሮቶ የተቀዳው እንዳለ፣ ለብ እንዲል ብቻ ተደርጎ ይበጠበጣል። ከዚያ ሕፃኑ ግማሹን ጠጥቶ ይተኛል። የተረፈው አይደፋም፣ ውድ ነዋ! ለጀርም በሚመች ሙቀት በወተት ውስጥ ያለ የተቅማጥ ጀርም በየ20 ደቂቃው ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ጀርም ተነሥታችሁ በየ20 ደቂቃው እጥፍ እያደረጋችሁ ብትቆጥሩ በአራት ሰዓት ውስጥ 4,096 ይደርሳል። ጡጦው ራሱም ለእጥበት የማይመች ዕቃ ነው፤ አንገቱ ጠባብ፣ የጎማው ጫፍ ሥርቻ የበዛበት። ጫፉን በምላጭ አስፍተው አጥሚት የሚያስገቡበትም አሉ፤ አጥሚቱ ጎማው ውስጥ ደርቆ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ረሃብ ነው። የአራት ወር ልጅ በቀን 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት ይጠጣል። ለዚህ የሚገባው ዱቄት ከ100 ግራም በላይ ስለሆነ ባለ 400 ግራሙ ጣሳ ከሦስት አራት ቀን አያልፍም፤ በወር ስምንት ወይም ዘጠኝ ጣሳ ማለት ነው። የአበባ እርሻ ወይም የልብስ ስፌት ሠራተኛ ይህን ከደመወዟ ላይ ስትቀንስ ለቤት ኪራይ ምን እንደሚተርፋት እናንተው አስሉት። ስለዚህ ታቀጥነዋለች። አራት ማንኪያ በሚገባበት ሁለት ታደርጋለች። ጡጦው ነጭ ነው፣ የሞላ ነው፣ ልጁም ጠጥቶ ዝም ይላል፤ ግን እየከሳ ይሄዳል። የላም ወተት በውሃ እያቀጠኑ መስጠትም ያው ነው፤ በዚያ ላይ የላም ወተት የጨቅላውን አንጀት ቀስ በቀስ ሊያደማና ደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ያጣው ነገር ነው። የእናት ወተት በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እናቲቱ በዚያው ሰፈር የምትተነፍሰውንና የምትነካውን ጀርም ሰውነቷ ይለየውና መከላከያውን በወተቷ ትልካለች። የትኛውም ፋብሪካ የቀበሌያችንን ጀርም ለይቶ የሚሠራ ወተት የለውም። በደቡብ ብራዚል በሁለት ከተሞች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመ ጥናት ጡት ጨርሶ የማይጠቡ ሕፃናት በተቅማጥ የመሞት ዕድላቸው ጡት ብቻ ከሚጠቡት በ14 እጥፍ፣ በሳንባ ምችና በመሰል የመተንፈሻ አካል በሽታ ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ እነዚያ የብራዚል ከተሞች የቧንቧ ውሃ የነበራቸው ናቸው።

ወደ ውሃችን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትሰልቹኝ። የስምጥ ሸለቆ ሰው በጥርሱ ይታወቃል። ወንጂ ያደገ፣ መቂ ያደገ፣ ዝዋይ ዳር ያደገ ሰው ሲስቅ ጥርሱ የበለዘ ነው። ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑን ዛሬ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ምድራችን የእሳተ ገሞራ ምድር ናት፤ ሶደሬ የሚፈላው ውሃ ከዚያው ነው። ውሃው በእነዚህ አለቶች ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በወንጂ የእርሻ ሰፈሮች በድሮ ጉድጓዶች ከ10 በላይ ተለክቷል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሸለቆው ነዋሪዎች ላይ ባካሄዷቸው ጥናቶች ከጥርስ አልፎ አጥንት የሚያጎብጥና ነርቭ የሚጫን በሽታ መኖሩን አሳይተዋል። አዳማ ከተማ ከአዋሽ የተጣራ ውሃ ማግኘት ከጀመረች ወዲህ የእኛ ነገር ተሻሽሏል፤ በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮችና ትንንሽ ከተሞች ግን ጉድጓድ የሚቀዳው ብዙ ነው።

ይህ ከጡጦ ጋር ምን አገናኘው? የአምስት ኪሎ ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይወስዳል። ወተቱ በሊትር 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ባለው የጉድጓድ ውሃ ከተበጠበጠ በቀን ከ2 ሚሊ ግራም በላይ በዚያች ትንሽ ገላ ውስጥ ይገባል። እናቱ ያንኑ ውሃ ብትጠጣና እሱን ብታጠባው ግን ወደ ልጁ የሚያልፈው ከሚሊ ግራም መቶኛ እምብዛም አይበልጥም፤ የእናት ጡት ፍሎራይድን ወደ ወተት የማሳለፍ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። በዚያ ዕድሜ ደግሞ የፊት ቋሚ ጥርሶች ሽፋን ከድድ ሥር መሠራት ይጀምራል። ጉዳቱ የሚታየው ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ የወተት ጥርሱ ሲወልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ጡጦውን የሚያስታውሰው የለም። ሰው «አፍልቼ ነው የምሰጠው» ይላል። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ፍሎራይዱን ግን፣ ውሃው እየተነነ ስለሚሄድ፣ ይበልጥ ያከማቸዋል። ፍሎራይድ ሕፃን ይገድላል እያልኩ አይደለም፣ አይገድልም። ግን እዚህ ሸለቆ ውስጥ ጡት የሚሰጠውን ይህን ጥበቃ ደጋው ላይ ያለች እናት ልታውቀው አያስፈልጋትም፤ ለእኛ ግን ሊነገረን ይገባ ነበር።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር። «ልጁ ይጠማዋል» እያሉ በሚያዝያ ሙቀት ለአንድ ወር ሕፃን ውሃ የሚሰጡ አያቶች አሉ። ከልብ በመነጨ ርኅራኄ ነው። ነገር ግን የእናት ወተት ከመቶ እጁ 87 ያህሉ ውሃ ነው፤ መተሐራም ቢሆን እስከ ስድስት ወር ላለ ሕፃን ይበቃዋል። የሚጠማት እናቲቱ ናት፣ ውሃውን ለእሷ ስጧት። ለልጁ የተሰጠች አንዲት ማንኪያ ውሃ የወተቱን ቦታ ከመያዟም በላይ ጀርም ይዛ ትገባለች።

ከውልደት በኋላ ስለሚደረገው ቅቤ ማዋጥ፣ ስኳር በውሃና አብሽ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ሕዝባችን ሰምቷል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 27 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 8 ወርደዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የዞሩት በከንቱ አልነበረም። እንገሩን ቢጫ ነው ብሎ አልቦ የሚደፋ ካለ ግን ይህን ይስማ፤ በጋና ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን ተከትሎ የተሠራ ጥናት ሁሉም ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ቢይዙ በመጀመሪያው ወር ከሚደርሰው ሞት ከመቶ 22 ያህሉ ሊቀር እንደሚችል አስልቷል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የምንገባ ሁሉ ገንፎው ከመቅረቡ በፊት ልጁ ጡት መያዙን ብንጠይቅ አይከፋም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። በዚያው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 48 ደረሰ፤ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ጡት ብቻ የሚጠቡት፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃናት በ2005 ከመቶ 49፣ በ2016 ደግሞ 58 ነበሩ። ሞቱ በግማሽ ሲወርድ ጡት ማጥባቱ የተራመደው ትንሽ ነው። ክትባቱ ሮጠ፣ በእጃችን ያለው ጡት ማጥባት ወደ ኋላ ቀረ። በ2016ቱ ጥናት የበለጠ የገረመኝ ቁጥር በዕድሜ የተከፋፈለው ነው። ከተወለዱ ሁለት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ከመቶ 74ቱ ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። በሦስተኛና በአራተኛው ወር 64። በአምስተኛና በስድስተኛው ወር 36! ይህ የመላ አገሪቱ ቁጥር ነው፣ ገጠሩም አለበት፤ ገጠር ውስጥ «ወተቴ አይበቃውም» የሚለው ጥርጣሬ አለ። ከተማ ውስጥ ግን በአራተኛው ወር ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም፤ እናቲቱ ወደ ሥራ ትመለሳለች።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት የደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። የቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ ስለዚህ ማሻሻያው በጎ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ ሴት 90 የሥራ ቀን 15 ሳምንት ይሆንላታል፤ ሦስት ወር ተኩል። ሐኪሙ ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ ይላታል፤ ይህ 26 ሳምንት ነው። በአዋጁና በሐኪሙ መካከል 11 ሳምንት ጎድሏል። ጡጦው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ይህም ቋሚ ቅጥር ላላት ነው። በጉልት የምትሸጠው፣ ሰው ቤት የምትሠራው፣ በቀን ሥራ ኮንክሪት የምትሸከመው ሴት አዋጅ የላትም፤ በአርባኛው ቀን የምትመለስም አለች።

በዝዋይ ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎችና እዚህ አዳማ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በብዛት የሚቀጥሩት ወጣት ሴቶችን ነው። የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን በሺዎች ሰብስቦ ሕፃን ይመጣል ብሎ አለማሰብ ምን ዓይነት ዕቅድ ነው? የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ አንዳንዶቹ አቋቁመዋል። የስፌት ሠራተኛ ልጅና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ልጅ የተለያየ ሆድ የላቸውም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 183 የምታጠባ ሠራተኛ በየቀኑ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የማጥቢያ ዕረፍት እንድታገኝ፣ ሰዓቱም ተከፋይ እንዲሆን ደንግጓል።

ይህ ለሁሉም እስኪዳረስ ድረስ እናት ባዶ እጇን አይደለችም። ወተቷን ማለብ ትችላለች። አውቃለሁ፣ «እንደ ላም ልታለብ ነው?» የምትል አለች፤ አማትም ትስቅባት ይሆናል። እጇን ታጥባ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ከጡቷ ጥቁር ክብ ወደ ኋላ ብላ እየተጫነች፣ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ታልባለች። የታለበው ወተት በቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በአዳማ ቀትር ከዚያ ያነሰ ብላችሁ ያዙት። ማቀዝቀዣ ካለ እስከ አራት ቀን። መብራት በጠፋበት ቀን ግን ማቀዝቀዣውን አትመኑት። የምትሰጠው ሞግዚት ወይም አያት ጡጦ አያስፈልጋትም፤ በሲኒ ትስጠው። ሲኒ በየቤቱ አለ፣ ሥርቻ የለውም፣ በሳሙናና በፈላ ውሃ ባንዴ ይጸዳል። ሕፃኑን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ ሲኒውን ከከንፈሩ ማስነካት ነው፣ እሱ ራሱ እየላሰ ይጠጣል። ማታና ሌሊት ጡቷን በደንብ ከጠባ ወተቷ አይነጥፍም።

ኤች አይ ቪን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ አዳማ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት። ድሮ ቫይረሱ ያለባትን እናት ጡት እንዳታጠባ እንመክር ነበር። ቦትስዋና ለእነዚህ እናቶች የዱቄት ወተት በነፃ ታድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ ውሃው ተበከለ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ500 በላይ ሕፃናት በተቅማጥ ሞቱ፤ ከታመሙት የሚበዙት ጡት የማይጠቡት ነበሩ። ዛሬ መድኃኒቷን በየቀኑ የምትወስድ እናት ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እያጠባች ልጇን ማሳደግ ትችላለች፤ ጡትና ጡጦ መቀላቀሉ ግን ለእሷ አይመከርም። እናቱን ያጣ ሕፃን ሲኖር የጣሳው ወተት መድኃኒት ነው፣ በሐኪም ምክር፣ በትክክለኛው መጠን፣ በፈላ ውሃ፣ በሲኒ።

ከስድስት ወር በኋላ ስላለው ምግብ አንድ ቁጣ ይፈቀድልኝ። በዚያው አገር አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ልጆች በቂና የተለያየ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ሸለቆአችን ነጭ ቦሎቄ ወደ ውጭ ይልካል፤ የተሻሻለው ዘር የሚወጣበት የመልካሳ ምርምር ማዕከል እዚሁ አጠገባችን ነው። የዝዋይ ቆሮሶ ዓሣ አዲስ አበባ ይበላል፣ የመቂ ፓፓያ በየመንገዱ ይከመራል። የልጁ ገንፎ ግን በቆሎና ጨው ነው።

ወደ ተቅማጡ ልመለስ፤ ልጁ ካስቀመጠው አትጠብቁ። ጥርስ ሊያወጣ ነው አትበሉ፣ ግግ ለማስወጣትም አትውሰዱት። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ጡት መያዝ ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለበት ጤና ጣቢያ በዚያው ሰዓት ይድረስ። ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ዚንክ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን 10፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም በየቀኑ እስከ 14 ቀን ይሰጣል፣ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። ጡቱም አይቋረጥ።

እዚህ የተቀመጣችሁ የፋብሪካና የእርሻ ኃላፊዎች አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። ማቆያ ለመሥራት በጀት ዓመቱ እስኪዞር የሚጠብቅ ይጠብቅ። ለማለቢያና ለማጥቢያ የሚሆን ቦታ ግን ግንባታ አያስፈልገውም፤ በር የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ። ቤቷ ቅርብ የሆነች ሠራተኛ ደግሞ ባሏ ወይም እናቷ ልጁን በባጃጅ ይዘው በምሳ ሰዓት ሊመጡላት ይችላሉ። ዛሬ የሚቆሙት ከአጥሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ዘበኛው እንዲያስገባቸው ከአስተዳደር ክፍል አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ትበቃለች።